የሳሎኑ ግድግዳ ሦስት እጅ ተቀብቷል

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለነጠብጣብ፣ ለወንድሜ ልጅ፣ በእጄ ላሳደግኳት፤

ባለሽበት ሁሉ ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ፤ ብርዱም ሰዉም ደግ ይሁንልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ መሰላል ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ እስካሁን አልከዳኝም።

መሸለምሽን የሰማሁት ከጎረቤታችን ከአስተማሪዋ ነው። ጡረታ ከወጣች ወዲህ የሰፈሩን ወሬ የምታርመው እሷ ሆናለች። በሩን በርግዳ ገብታ «ልጅዎ ዋንጫ ወሰደች!» ብላ ስትጮህ ብሩሼ ከእጄ ወደቀ። ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር አስረጂኝ፤ ሥራሽ ምንድን ነው? መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ይጠይቀኛል። አንዱን ተዋናይ ነች እለዋለሁ፣ ሌላውን ዳይሬክተር ነች እለዋለሁ። ባለሱቁማ «ዲዛይነር ማለት ልብስ ሰፊ ነው» ብሎ ድርቅ አለብኝ። ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይናችንን ሳንነቅል ብናየው አንቺ የለሽበትም። ስምሽ መጨረሻ ላይ ሽው ብሎ አለፈ፤ አስተማሪዋ አቁማ ባታሳየን ኖሮ እሱንም አናገኘውም ነበር።

አዎ፣ ፊልሙን አየነው። አስተማሪዋ ቤት ተሰብስበን፣ አሥራ አራት ሰው ሆነን። ደህና ነው።

እዚያ ጥሩ ብሩሽ ካለ፣ አራት ጣት ስፋት ያለው፣ ጸጉሩ የማይረግፍ፣ በሰው ላኪልኝ። የዛሬ ዘመን ብሩሽ ግድግዳው ላይ ጢም ያበቅላል።

አጎትሽ፣ ቀለም ቀቢው


ኅዳር 1 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፤

ይህች ወረቀት በሰላምና በሙሉ ጤና ታግኝዎት። እኔ ሥራ ቢያንከራትተኝም ደህና ነኝ። እርስዎን ካየሁ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደብዳቤ የምጽፈውም ወድጄ አይደለም፤ ስልክ ስደውል «ደህና ነኝ፣ ደህና ነሽ፣ በይ ይቆጥርብሻል» ብለው ጆሮዬ ላይ ይዘጉብኛል።

ብሩሹን ገዝቻለሁ። አንድ የማውቀው መሐንዲስ ወደዚያ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ይደርስዎታል።

ሥራዬን ለባለሱቁ እንዲህ ብለው ያስረዱልኝ፤ ፊልም ውስጥ ሰው ያልሆነ ነገር ሁሉ የእኔ ነው። ፕሮዳክሽን ዲዛይነር ይሉናል። ተዋናዩ የሚኖርበትን ቤት እኔ ነኝ የማሠራው፣ ግድግዳውን የማስቀባው፣ መጋረጃውን የምመርጠው። ሳህኑ ጠርዙ የተሸረፈ ይሁን ወይስ ደህና የሚለውን እኔ እወስናለሁ። ከሁሉ የሚበዛው ሥራችን ደግሞ አዲሱን ማስረጀት ነው። ትናንት የተቀባ ግድግዳ የሃያ ዓመት እንዲመስል እንፍቀዋለን፣ በሻይ ውሃ እናጠይመዋለን። እርስዎ ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሉ ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል።

አሁን ዋናውን የምሥራች ልንገርዎት። ቀጣዩ ፊልም ስቱዲዮ ውስጥ አይደለም የሚቀረጸው። በእውነተኛ ቤት ነው፣ በእኛ ቤት፣ በሳሎናችን! ታሪኩ ከሩቅ የሚመጣ ልጇን የምትጠብቅ፣ ዓይኗ የደከመ አሮጊት እናት ታሪክ ነው። ከዋንጫውም በላይ የምመኘው ይህንን ነበር። በግንቦት መጨረሻ ሠላሳ አምስት ሰው ሆነን እንመጣለን።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፤ ምንም ነገር እንዳይነኩ። በተለይ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ፣ ክሬሙ ተልጦ ከሥሩ አረንጓዴው፣ ከአረንጓዴውም ሥር ሮዙ የሚታይበትን። ያንን ግድግዳ ስድስት ባለሙያ አሥር ቀን ሙሉ ቢደክም አያመጣውም፤ በተሸለምኩበት ፊልም ላይ ሞክሬው አይቼዋለሁ። ልኩን በሜትር ለክተው ይላኩልኝ።

ደግሞ ፊደልዎ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተለቀው? ዱሮ በግማሽ ገጽ የሚያልቀው አሁን ሦስት ገጽ ፈጀ።

ልጅዎ


ኅዳር 27 ቀን

ለነጠብጣብ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ መንገድሽ ይቅና። ብሩሹ ደርሶኛል፤ እጄ ላይ ሲቀመጥ አብሮኝ የተወለደ መሰለኝ። ሥራሽንም ለባለሱቁ ነገርኩት። «ታዲያ አናጺና ቀለም ቀቢ ናት አይሉኝም!» አለ። እኔም «አዎ፣ ናት» ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ማስረጀት ያልሽውን ግን ለማንም አላወራሁም። ያረጀውን ሳድስ አርባ ዓመት የኖርኩ ሰው፣ ያሳደግኳት ልጅ ተቃራኒውን ሠርታ ዋንጫ ተሰጣት ብዬ ለማን እናገራለሁ?

ልኩ ይኸው፤ ከጥግ እስከ ጥግ አራት ሜትር ከሃያ፣ ወደ ላይ ሁለት ሜትር ከሰማንያ። የቀኙ ጥግ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ እሱ የግንበኛው ጥፋት ነው፣ የእኔ አይደለም።

ሠላሳ አምስት ሰው፣ ያውም የማናውቀው፣ ያውም ካሜራ የያዘ። አንቺ ደግሞ ምንም አትንኩ ትያለሽ። የቀለም ቀቢ ቤት ነው እኮ ልጄ! ለማንኛውም አልነካሁም። የተላጠውን ብቻ በመፋቂያ አራገፍኩት፣ ወለሉ ላይ እየወደቀ መጥረግ ሰልችቶኝ ነበር። ይህ ጽዳት ነው። ቀዳዳ ቀዳዳውንም በስቱኮ ደፈንኩት። ቀዳዳ መድፈን ቀለም መቀባት አይባልም። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፈተግኩት፣ ስቱኮ ከተመታ በኋላ ካልተፈተገ አያምርምና።

ፊደሌ የተለቀው ወረቀት ስለማልቆጥብ ነው። ሠላሳ አምስቱ ሰዎች ምሳ እኛ ጋ ነው የሚበሉት ወይስ ይዘው ነው የሚመጡት? ቶሎ አሳውቂኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 10 ቀን

ጋሼ!

ሰላምታውን በሚቀጥለው ደብዳቤ እደርስበታለሁ። መፋቂያውን ያስቀምጡ። ስቱኮውን ያስቀምጡ። ብሩሹን፣ እኔው በገዛ እጄ የላክሁትን ብሩሽ፣ ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ለአስተማሪዋ ይስጧት። ስደውል አያነሱም፤ አስተማሪዋ ጋ ስደውል «ወጣ ብለዋል» ትለኛለች፣ ከኋላዋ ድምፅዎ እየተሰማ!

የራገፈውን ልጣጭ ከጣሉት ከቆሻሻው ውስጥ አውጥተው በከረጢት ያስቀምጡልኝ። ለምን ብለው አይጠይቁኝ። ብቻ ያስቀምጡልኝ።

ምሳ ይዘን ነው የምንመጣው።

ልጅዎ


ጥር 2 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሁለተኛው እጅ ከደረቀ በኋላ ነው። ሁለት እጅ ቀብቶ መተው ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ ሦስተኛውን ጨምሬ ጨረስኩት። ቀለሙ ክሬም ነው። የሳሎኑ ግድግዳ ሦስት እጅ ተቀብቷል።

ልጣጩን ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ወስደውታል።

ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ አይቶታል። «እጅዎ ይባረክ» ያላለ የለም። አንድ ሰው እንኳ እንከን አላወጣለትም።

ቀለም ቀቢው


ጥር 16 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ አልሰነበትኩም። ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ ሦስት ጊዜ አነበብኩትና መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት መንገድ ለመንገድ ስዞር ዋልኩ።

እስቲ ልጠይቅዎት፤ «ምንም እንዳይነኩ» ማለት ከመቼ ወዲህ ነው «ሦስት እጅ ይቀቡ» ማለት የሆነው? አጻጻፌ ነው የከፋው? ወይስ ሆን ብለው ነው? እንዲያው ደህና ሰው ሆነው አንድ ቀን የሰው ቃል ሰምተው ቢያድሩ ምን ነበረበት!

ይህ ዳይሬክተር ቀላል ሰው እንዳይመስልዎት። አራት ቤት ቀርቦለት ነበር፣ አንዱ ከስቱዲዮው በእግር የሚደረስ። ሁለት ወር ሙሉ ንድፍ ታቅፌ፣ የዱሮ ፎቶ ይዤ፣ ከኋላ ከኋላው እየተከተልኩ የእኛን ቤት ያስመረጥኩት እኔ ነኝ። «ግድግዳው ራሱ ይተውንልሃል፣ አንተ ካሜራህን ብቻ አቁም» ብዬዋለሁ። አሁን ምን ልበለው? አጎቴ እንግዳ ሊመጣ ነው ብሎ ቀባው ልበለው?

ደግሞ የማይገባኝ ሌላ ነገር አለ። ያ ግድግዳ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ እየተላጠ ነው። የሰው ቤት ሲያሳምሩ ውለው የራስዎን ሳይነኩ ይተኛሉ። እጅ ቢያጥረን ነው ብዬ ነበር የማስበው። የትምህርት ቤት ጓደኞቼን ወደ ቤት የማላመጣው በዚያ ግድግዳ አፍሬ ነበር፤ ይህን ነግሬዎት አላውቅም። ካደግኩ በኋላ ግን ወደድኩት፣ ይኸው እንጀራዬም ሆነ። ያንን ሁሉ ዓመት ዝም ብለው፣ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፈልገው ብሩሽ አነሱ?

ደግነቱ መፍትሔ አለው። ቀረጻው ግንቦት 20 ይጀመራል። ከአሥር ቀን በፊት ሦስት ባለሙያ ይዤ እመጣለሁ። የቀቡትን እንፍቀዋለን፣ ልክ እንደ ድሮው ባይሆንም ለካሜራ እስኪበቃ እናስረጀዋለን። እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያያሉ። እስከዚያ የግድግዳውን ፎቶ፣ በቀን ብርሃን፣ ከጥግ እስከ ጥግ አስነስተው ይላኩልኝ። አራተኛ እጅ ግን፣ በፈጣሪ ይዤዎታለሁ፣ እንዳይጨምሩ።

ልጅዎ


መጋቢት 3 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ዘግይቼ የጻፍኩት ታምሜ አይደለም። ተናድጄ ነው። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት፣ ይህንን አልቀድም።

ሦስት ባለሙያ ይዘሽ መጥተሽ ግድግዳዬን ልታስረጂ? እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ላይ? አንቺ ልጅ፣ እኔ ምንሽ ነኝ?

ፊልምሽን ያየን ዕለት ልንገርሽ። እሁድ ከሰዓት ነው። እኔን የክብር እንግዳ ነዎት ብለው ከፊት፣ ጥሩው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ፊልሙ ሄደ ሄደና አንድ ቤት ውስጥ ገባ፣ ግድግዳ መጣ። ክሬም፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ሮዝ። አስተማሪዋ «እንዴ!» አለችና አፏን ያዘች። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ከመብራት ማጥፊያው በላይ ያለችው ልጣጭ እንኳ አልቀረችም። ከግድግዳው ሥር ደግሞ ሰውዬሽ ተጋድሟል። ሰካራም፣ ሥራ ፈት፣ ሚስቱ ጥላው የሄደች። አንድ ሰዓት ሙሉ በእኔ ግድግዳ ሥር ሲያንኮራፋና ሲሳደብ አየሁት። እኔ በዕድሜዬ መጠጥ የሚባል ነገር ቀምሼ አላውቅም። መጀመሪያ የሳቀው ባለሱቁ ነው።

በሳምንቱ የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ዘንድ ሄድኩ። አሥራ ሁለት ክፍል ልቀባላት ተነጋግረን ነበር። «መጀመሪያ የራስዎን ይቀቡ እንጂ!» አለችኝና እየሳቀች ሥራውን ለሌላ ሰጠችው። ክፋት የላትም፣ ቀልዷን ነው። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ስሜን አርባ ዓመት በብሩሽ ነው የሠራሁት፤ ሌላ ምንም የለኝም። አንቺን በደስታሽ ቀን ላሳዝንሽ ስላልፈለግሁ «ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩልሽ። ደህና አልነበረም።

ሃያ ዓመት ለምን አልቀቡትም ላልሽው ደግሞ ስሚ። ያቺን ክሬም ቀለም የቀባሻት አንቺ ነሽ። አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር፣ አባትሽ የሞተ ዓመት። እኔ ሥራ ውዬ ስመጣ ወንበር ላይ ወንበር ደርበሽ፣ የተረፈ ጣሳ ከጓዳ አውጥተሽ፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ጨርሰሽው ጠበቅሽኝ። የዘይት ቀለም ላይ፣ ሳትፈትጊ፣ የውሃ ቀለም ጭነሽበታል። ዓመት ሳይሞላው እንደሚላጥ ገና ከበሩ ሳልገባ አውቄዋለሁ። ቅንድብሽ ድረስ ነጠብጣብ ሞልቶብሽ «ጋሼ፣ እንዴት ነው?» አልሽኝ። ከአባትሽ ቀብር ወዲህ ያን ዕለት ነው ስትስቂ ያየሁሽ። «እጅሽ ይባረክ» አልኩሽ። እንዲያ ካልኩሽ በኋላ በምን አፌ ልቀባበት? ከሄድሽ በኋላማ ጭራሽ ብሩሽ ይዤ አልተጠጋሁትም።

እጅ አጥሮን አልነበረም። ቀለም መቼም ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም።

ፎቶው ከዚህ ጋር አለ። የታች መንገዱ ፎቶ አንሺ በእኩለ ቀን መጥቶ ያነሳው ነው። እዪው። ካየሽው በኋላ አስረጃለሁ ካልሽ፣ ያኔ እንነጋገራለን።

አጎትሽ


መጋቢት 21 ቀን

ጋሼዬ፤

ደብዳቤዎን ቆሜ ጀምሬ ወለል ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። አለቀስኩ፣ ከዚያ በራሴ ተናደድኩ፣ ከዚያ ተመልሼ በእርስዎ ተናደድኩ። አንድ ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? «ነጠብጣብ፣ ግድግዳው ያንቺ ነው» ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? መቀባቴ እንደ ሕልም ትዝ ይለኛል፤ የሚላጠው በእኔ ጥፋት መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

ስለ ሰካራሙ ይቅር ይበሉኝ። ሰው ሊያውቀው ይችላል ብዬ ለአፍታም አላሰብኩም። ቤታችንን ለሥራዬ ስወስደው ባለቤት እንዳለው ረሳሁ። እርስዎ የሥራ ስምዎን ሲያጡ እኔ መድረክ ላይ ቆሜ ሰው ያጨበጭብልኝ ነበር። ይህ ዕድሜ ልኬን ያሳፍረኛል። ደግሞ ሽልማቱን ያመጣልኝ ግድግዳ በአሥራ አንድ ዓመቴ ያበላሸሁት የራሴ ሥራ መሆኑን ሳስበው፣ እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ ይመጣል።

አሁን ፎቶውን እናንሳ። ይህን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል፣ እንዴትም አድርጌ ባለሰልሰው አልለሰልስ አለ። ስለዚህ ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ፣ ሥራ ላይ እንደምንነጋገረው በቀጥታ እነግርዎታለሁ።

ግድግዳው ሁለት ቀለም ነው፣ ጋሼ። ከአንዱ ጥግ እስከ መብራት ማጥፊያው ድረስ ክሬም ነው። ከማጥፊያው ወዲያ፣ እስከ በሩ ድረስ ያለው ሲሶው፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። ፎቶው ቀለም ቀይሮ ይሆናል ብዬ ኮርኒሱን አየሁ፣ ነጭ ነው። በሩን አየሁ፣ ቡናማ ነው። ፎቶው አልተሳሳተም። አንዱ ጣሳ ሲያልቅ የከፈቱት ሌላው ጣሳ ክሬም አልነበረም። አቀባቡ ግን እንዴት ያለ ነው! አንድ ቦታ አልፈሰሰ፣ አንድ ቦታ የብሩሽ መስመር የለው። ጥጉን በመስመሪያ ያሰመሩት ይመስላል። እጅዎ እንደ ድሮው ነው፤ የደከመው ዓይንዎ ነው። ፊደልዎ የተለቀውም ለዚያ ነው፣ አሁን ገባኝ። ስንት ጊዜ ሆነዎት?

ዝም ልል አስቤ ነበር። እውነቱን ልንገርዎት። ፎቶውን ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው ዳይሬክተሩ ገብቶ አየው። «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ አነሳና ፊቱ በራ። «ይህንን የመሰለ ነገር አይቼ አላውቅም! ማንም እንዳይነካው። የአሮጊቷ ዓይን መድከሙን አንድ ቃል ሳንናገር ግድግዳው ይናገረዋል!» አለኝ። እውነቱን ነው ጋሼ፣ ለፊልሙ ከዚህ የሚሻል ግድግዳ አይገኝም። አንድ ቀን ሙሉ እኔም አብሬው ደስ አለኝ። ሁለተኛውን ዋንጫ ቤት ውስጥ የት እንደማስቀምጠው ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ ያን እሁድ፣ ጥሩው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያይዎት ታየኝ። ያንን ሁለተኛ አላደርግብዎትም።

ስለዚህ «ባለቤቱ ካልፈቀደ አይቀረጽም» አልኩት። አኮረፈ። ሌላ ቤት እንደሚፈልግ፣ ምናልባት ሌላ ዲዛይነርም እንደሚፈልግ ነገረኝ። ቀልድ አልነበረም። መልሴን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይጠብቃል።

ቃሉ የእርስዎ ነው። ይቀረጽ ካሉ እንዳለ ይቀረጻል። አይሆንም ካሉ እኔ ከእርስዎ ጋ ነኝ፣ የመጣው ይምጣ። ሐኪም ዘንድ ግን ይሂዱ። ይህን እየለመንኩዎት አይደለም፣ እየተቆጣሁ ነው።

ልጅዎ


ሚያዝያ 15 ቀን

ለነጠብጣብ፤

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ምላስሽን ግን ትንሽ ያሳጥረው።

ደብዳቤሽን አንብቤ ውሸታም አልኩሽ። ቀጥዬ መስኮቱን ከፈትኩና ግድግዳው ፊት ቆምኩ፤ ቀረብኩ፣ ራቅኩ፣ በመዳፌ ዳበስኩት። አንድ ቀለም ነው የሚታየኝ። ሄጄ አስተማሪዋን ጠራኋት። «ተማሪ ፊት እንደቆምሽ ሆነሽ መልሺልኝ፤ ይህ ግድግዳ ስንት ቀለም ነው?» አልኳት። ኮርኒሱን አየች፣ ጫማዋን አየች፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። «ሁለት ነው» አለች። «ታዲያ ያን ዕለት እጅዎ ይባረክ ያልሽኝ?» ብላት «እጅዎ ምን አጠፋ?» አለችኝ። ይኸውልሽ የተማረ ሰው መልስ! ባለሱቁም አውቋል። ፎቶ አንሺውም አውቋል። ይህ ሁሉ ሰው ቤቴ ገብቶ፣ ሻዬን ጠጥቶ፣ አሞግሶኝ ወጥቶ፣ በር ላይ ሲደርስ ከንፈሩን መጥጦልኛል። ሁሉንም ተራ በተራ ሄጄ ተቆጣኋቸው። ባለሱቁን ሁለት ጊዜ ተቆጣሁት።

ስንት ጊዜ ሆነዎት ላልሽው፣ ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ መብራቱ ደከመ ብዬ አምፖል ቀየርኩ። የጣሳ ላይ ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ሲያቅተኝ በልምድ፣ በጣሳው ቦታ መለየት ጀመርኩ። ቀለም ቀቢ ሆኖ ቀለም አይታየኝም ብሎ ለማን ይናገራል? የእንግዳ ማረፊያዋ ሥራ ሲቀርብኝ፣ ግማሽ ልቤ እፎይ ማለቱን ለማንም አልነገርኩም። አሁን ለአንቺ ነገርኩ።

ሐኪሙ ዘንድም ሄድኩ፣ አስተማሪዋ እየጎተተች ወሰደችኝ። ሁለቱም ዓይኔ ላይ ሞራ ወጥቶበታል። በሰኔ አንዱን፣ በመስከረም ሌላውን እናነሳለን ብሎኛል። ይድናል አለ። ልጅ ነው ሐኪሙ፣ ግን የሚያውቅ ይመስላል።

ወደ ዳይሬክተርሽ ልምጣ። ባለ ሁለት ቀለም ግድግዳ ካማረው እናቱ ቤት ይቀባ! የእኔ ቤት አንድ ቀለም ነው የሚሆነው። ደግሞ እስቲ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ሴትየዋ ልጇን እየጠበቀች ነው አላልሽም? ከሩቅ የሚመጣ ልጅ? ታዲያ የትኛዋ እናት ናት ልጇ ሊመጣባት ቤቷን ሳታስቀባ የምትቀመጠው? ዓይኗ ባያይ እንኳ ሰው ጠርታ ታስቀባለች። እናንተ ፊልም ሠሪዎች፣ ድሃ ሁሉ እናንተ መጥታችሁ እስክታነሱት ድረስ ቆሻሻ ውስጥ ተጎልቶ የሚጠብቅ ይመስላችኋል። ይህን ቃል በቃል ንገሪው። ከገባው ካሜራውን ይዞ ይምጣ፣ ምሳም እኔ አበላዋለሁ። ካልገባው መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። አንቺንም ቢያባርርሽ፣ አርባ ዓመት ያበላኝ ሙያ አንቺን አያስርብሽም።

እሱ መጣም ቀረም፣ አንቺ ግን ነይ። ሦስቱን ባለሙያዎች እዚያው ተያቸው፣ ቤቴ ውስጥ አስረጂ አልፈልግም። አቀባቡ ደህና ነው ብለሻል፤ ቢሆንም ከዳር እስከ ዳር እንደገና ፈትጌ አዘጋጅቼዋለሁ። መሰላሉን አጥብቄዋለሁ። ሁለት ጣሳ ገዝቼ ጥግ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ባለሱቁ ሁለቱም ክሬም ናቸው ብሎ ምሎልኛል፣ እኔ ግን ከእንግዲህ እሱን አላምንም። አስተማሪዋም የጣሳውን ጽሑፍ ላንብብልዎት ብላኝ ነበር፣ እንቢ አልኳት።

አንቺ መጥተሽ እስክታዪልኝ አልከፍታቸውም።

አጎትሽ